ከእንዳ ኢየሱስ ምሽግ እስከ እድራችን ድንኳን፤ የመጀመሪያ እርዳታ ታሪክ

እንደሚታወቀው እድር ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለን ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱና የጥሩምባው ድምፅ ነው። አንድ አባል ሲያርፍ ጥሩምባ ይነፋል፤ ሰው ይወጣል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ለሐዘንተኛው ቤት እህል ውሃ ይቀርባል። ይህን ሁሉ የምናደርገው ማንም አለቃ ሳያዘን፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ነው። ታዲያ የሞተውን በክብር ለመሸኘት ይህን ያህል የተደራጀን ሰዎች፣ ጎረቤታችን ገና በሕይወት ሳለ፣ ደሙ ሲፈስ ወይም ትንፋሹ ሲቆራረጥ፣ በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ምን እናደርጋለን? እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ አብዛኞቻችን ከበን እንጮኻለን፤ ከዚያም መኪና እንፈልጋለን።

ለዘንድሮው መጽሔታችን ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ ያነሣሣኝ ይኸው ጥያቄ ነው። ለመልሱም ሩቅ አገር መሄድ አያሻም። እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ ቆሞ ወደ ኋላ መመልከት ይበቃል። መቀሌና አካባቢዋ ባለፉት መቶ ሠላሳ ዓመታት ገደማ ቁስለኛውን፣ የተጠማውን፣ በጋዝ የተቃጠለውንና በረሀብ የተጎዳውን ሰው በየተራ አይተዋል። በእነዚህ ጊዜያት ሁሉ አንድ ነገር ሲደጋገም እናያለን፤ ይኸውም በተጎዳው ሰው ላይ ቀድሞ የሚያርፈው እጅ የሐኪም ሳይሆን የጎረቤት እጅ መሆኑ ነው።

ምሽጉና ውሃው

በትግርኛ «እንዳ» ማለት የእገሌ ቤት፣ የእገሌ ስፍራ እንደ ማለት ነው። ሰፈራችንም ስሙን ያገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ ነው። በ1888 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ቤተ ክርስቲያኑ ያለበትን ኮረብታ ይዞ ዙሪያውን በድንጋይ መሸገው። ዛሬ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ እንዳ ኢየሱስ ግቢ የሚገኘው በዚሁ ኮረብታ ነው። መጽሐፉን አቅፎ ሽቅብ የሚወጣው ተማሪ ያንን የጦር ሜዳ እየረገጠ መሄዱን የሚያስታውሰው ስንት ጊዜ ይሆን?

ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር አምባላጌ ላይ ድል ከሆነ በኋላ፣ በሻለቃ ጋሊያኖ የሚመራ ከ1,000 የሚበልጥ ወታደር በእንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውስጥ ቀረ። አብዛኛው የአገር ልጅ የሆነ አስካሪ ነበር። የራስ መኮንን ጦር ምሽጉን ከበበ፤ ቀጥሎም አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ዋናውን ሠራዊት ይዘው ደረሱ። ወደ ምሽጉ ፊት ለፊት የተደረገው ግጥሚያ ከኛ ወገን ብዙ ሰው ፈጀ። በኋላ ግን ምሽጉን ያስለቀቀው ጥይት ሳይሆን ውሃ ነው። ምሽጉ የሚጠጣው ከቅጥሩ ውጭ ካለ ምንጭ ተቀድቶ ነበርና፣ በእቴጌ ጣይቱ ምክር እንደ ሆነ በሚነገርለት ዘዴ፣ የኢትዮጵያ ወታደሮች ምንጩን ያዙት። በውስጥ የነበረው ወታደር የውሃ ድርሻው በየቀኑ እየተቀነሰ ከንፈሩ ደረቀ። በጥር ወር አጋማሽ ጋሊያኖ ምሽጉን አስረክቦ፣ መሣሪያውን እንደ ያዘ እንዲሄድ ተፈቀደለትና ወጣ።

የጦርነቱን ብልሃት ለወታደሮች እንተውና፣ ነገሩን በጤና ዓይን እንየው። የሰው ገላ ውሃ ሲያጣና ደሙ ሲፈስ የሚደርስበት ጉዳት በአንድ መንገድ የሚመጣ ነው። በደም ሥር ውስጥ የሚዘዋወረው ፈሳሽ ሲጎድል ልብ የምትገፋው ነገር ታጣለች፤ አንጎልና ኩላሊት ይራባሉ፤ ገላ ይቀዘቅዛል፤ ላብ ያጠምቃል፤ የልብ ትርታ ይፈጥናል፤ ሰውየው ይቀባዥራል። ሐኪሞች ይህንን ሾክ ይሉታል። በጥይት የቆሰለውም፣ በጥም የነደደውም፣ በተቅማጥ ያለቀው ሕፃንም ወደዚሁ በር ነው የሚደርሱት። ስለዚህ የመጀመሪያ እርዳታ ግማሹ ሥራ ፈሳሹ እንዳይጎድል መጠበቅ፣ የጎደለውንም መተካት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ ሠራዊት የተደራጀ የሕክምና ክፍል አልነበረውም። ቁስለኛውን የሚያነሣው ወንድሙ፣ አሽከሩ፣ አብራው የዘመተችው ሚስቱ ወይም ያገሩ ልጅ ነበር። አጥንት የተሰበረበትን ወጌሻ ይጠግነዋል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ድል ሲገኝ፣ ከኛ ወገን የቆሰለው ሰው ወደ 10,000 ይጠጋል ተብሎ ይገመታል። እስቲ አስቡት፤ አሥር ሺህ ቁስለኛ በተራራና በገደል መካከል፣ ያለ ሐኪም! ድሉን ስናከብር እነዚያን ቁስለኞች በጀርባቸው፣ በቃሬዛና በበቅሎ ተሸክመው እስከ አገራቸው ያደረሱትንም ማሰብ ይገባናል።

የሩሲያ ቀይ መስቀል በጄኔራል ሽቬዶቭ የሚመራ የሐኪሞች ቡድን ልኮ ነበር። ነገር ግን ጣሊያኖች በምፅዋ በኩል ማለፍን ስለ ከለከሉ ቡድኑ በጅቡቲና በሐረር ዞሮ አዲስ አበባ የደረሰው ከጦርነቱ ወራት በኋላ ነው። ሐኪሞቹ ትልቅ ሥራ ሠርተዋል፤ በኋላም አዲስ አበባ ላይ የሩሲያ ሆስፒታል ለመቋቋሙ ምክንያት ሆነዋል። ግን ዐድዋ ላይ በዚያው ቀን ደሙ ይፈስ ለነበረው ሰው ምን ይጠቅመዋል? እሱን ያተረፈው፣ የተረፈ እንደ ሆነ፣ ነጠላውን ቀዶ ቁስሉን ያሰረለት ጓደኛው ነው።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

ቁስለኛን መርዳት ጥንታዊ ነገር ነው። ደጉ ሳምራዊ በመንገድ የወደቀውን ሰው ቁስሉን አስሮለት፣ ዘይትና ወይን አፍስሶበት፣ በራሱ አህያ ጭኖ ወደ እንግዳ ማረፊያ እንደ ወሰደው በወንጌል ሁላችንም ሰምተናል። ሐኪም ያልሆነውን ተራ ሰው አስቀድሞ ማሠልጠን የሚለው ሐሳብ በሰፊው የተስፋፋው ግን በ19ኛው መቶ ዓመት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1859 በሰሜን ጣሊያን ሶልፈሪኖ በሚባል ስፍራ ትልቅ ውጊያ ሆነ። ሄንሪ ዱናንት የሚባል የስዊስ ሰው ለንግድ ጉዳይ በዚያ ሲያልፍ በሺህ የሚቆጠር ቁስለኛ ሜዳ ላይ ተጥሎ አየ። ዱናንት ሐኪም አልነበረም። ካስቲሊዮኔ በምትባለው ከተማ ያሉት ሴቶች ውሃ እየቀዱ፣ ቁስል እያጠቡና እያሰሩ፣ የኛ ወገን የጠላት ወገን ሳይሉ ሲረዱ አብሮ ሠራ። ከዚህ የተነሣ እ.ኤ.አ. በ1863 የቀይ መስቀል ኮሚቴ ጄኔቭ ላይ ተቋቋመ፤ በዓመቱም የጄኔቭ ስምምነት ተፈረመ። ቆየት ብሎ በ1877 እንግሊዞች የቅዱስ ዮሐንስ አምቡላንስ ማኅበርን መሥርተው ሠራተኛውን፣ የቤት እመቤቱንና ፖሊሱን የመጀመሪያ እርዳታ ማስተማር ጀመሩ። ጀርመን ውስጥም ኤስማርክ የሚባለው የጦር ሐኪም ለተራ ሰው ትምህርት ከፈተ፤ ክንድን ለማንጠልጠልና ቁስልን ለማሰር የሚያገለግለውን ባለ ሦስት ማዕዘን ጨርቅ በሰፊው ያስተዋወቀው እሱ ነው። የኛ ሰው ነጠላውን አጥፎ የተሰበረ ክንድ ባንገቱ ሲያንጠለጥል የሚሠራው ያንኑ ነው።

እንግዲህ ልብ እንበል፤ ዓለምን ያዳረሰው የቀይ መስቀል ሥራ መነሻው የአንዲት ትንሽ ከተማ ሴቶች ውሃና ጨርቅ ይዘው መውጣታቸው ነው። እድር ማለት ሌላ ምንድን ነው?

የ1928ቱ እሳት

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር ድንበር ጥሶ ገባ፤ ጥቅምት 28 ቀን መቀሌን ያዘ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ነበርና፣ ጦርነቱ ሲጀመር ዕድሜው ሦስት ወር እንኳ አልሞላም። አዲስ አበባ ላይ ፋሻ የሚጠቀልሉ ሴቶች ተሰባሰቡ፤ ከስዊድን፣ ከኖርዌይ፣ ከእንግሊዝ፣ ከሆላንድ፣ ከፊንላንድና ከግብፅ የሕክምና ቡድኖች መጡ። ግን ያን ለሚያህል ሠራዊትና ለዚያ ሰፊ አገር ይህ በውቅያኖስ ላይ እንደ ተጨለፈ ጭልፋ ነበር።

ከዚህም የባሰው፣ የቀይ መስቀል ምልክት ከቦምብ አለማዳኑ ነው። ኅዳር 26 ቀን ደሴ ስትደበደብ በዚያ የነበረው ሆስፒታል ተመታ። ታኅሣሥ 20 ቀን በደቡብ ግንባር መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን አምቡላንስ ተደብድቦ ብዙ ቁስለኞች ሞቱ፤ ጉናር ሉንድስትሮም የተባለው ስዊድናዊም ሕይወቱን አጣ፤ የቡድኑ መሪ ዶክተር ሂላንደር ቆሰለ። የካቲት 25 ቀን ደግሞ በዶክተር ጆን ሜሊ የሚመራው የእንግሊዝ ቡድን ኮረም አጠገብ ተደበደበ። ሜሊ ከዚህ ተርፎ አዲስ አበባ ቢገባም፣ በሚያዝያ መጨረሻ ከተማው በዝርፊያ ሲታመስ ቁስለኛ ለማንሣት እንደ ወጣ በጥይት ተመትቶ አለፈ።

ከመቀሌ በስተደቡብ ባለው አምባ አራዳም ከየካቲት 2 እስከ 11 ቀን 1928 ዓ.ም. ከባድ ውጊያ ተደረገ። በዚያ ዘመቻ ጠላት የመርዝ ጋዝ፣ በተለይም የሰናፍጭ ጋዝ የሚባለውን ይፕሪት በሰፊው አዘነበ። ይህ መርዝ ተንኮለኛ ነው። እንደ ዘይት ያለ ፈሳሽ ሆኖ በሣሩ፣ በልብሱና በውሃው ላይ ይቀራል። ሲነካ ወዲያው አያምም። ከሰዓታት በኋላ ግን ቆዳ ውሃ ይቋጥራል፤ ዓይን ይታወራል፤ የተነፈሰው ሰው ሳንባው ይቃጠላል። ባዶ እግሩን የሚሄደው ወታደር ሣሩን ረግጦ አለፈ፤ ከብቱም ውሃውን ጠጣ። በኮረም በኩል የነበሩት የቀይ መስቀል ሐኪሞች ያዩትን ቃጠሎ ለዓለም ተናግረዋል።

ዛሬ እንደምናውቀው፣ ለዚህ መርዝ ማርከሻ መድኃኒት የለውም፤ የሚያድነው ነገር በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ልብስን አውልቆ መጣል፣ ዓይንን በብዙ ንጹሕ ውሃ፣ ገላንም በውሃና በሳሙና ማጠብ ነው። ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው በየጭፍራው ቢኖር ኖሮ ስንት ዓይን በተረፈ ነበር! ዕውቀቱ ግን አልደረሰም፤ ጭምብሉም አልነበረም። የዛሬው ቤታችን ይፕሪት ባይኖርበትም በረኪና፣ የባትሪ አሲድና የፀረ ተባይ መርዝ አይጠፋበትም። የተረጨበት ሰው ሲያጋጥመን ሕጉ ያው ነው። ልብሱን አውልቁ፤ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ በሚፈስ ውሃ እጠቡ፤ ከዚያ ሐኪም ቤት ውሰዱ።

በረሀቡ ዘመን

በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የኮረምና የመቀሌ መጠለያዎች ሥዕል በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታይቶ ዓለምን አስደነገጠ። በዚያን ጊዜ የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ነርስ የነበረችው ክሌር በርትሺንገር መቀሌ ላይ የተጎዱ ሕፃናትን ትመግብ ነበር። ቦታውም እህሉም አልበቃ ብሎ፣ ከተሰለፉት በጣም ብዙ ሕፃናት መካከል ጥቂቶቹን ብቻ መምረጥ ነበረባት። ያ ምርጫ ለብዙ ዓመታት እንዳሳመማት ራሷ ጽፋዋለች።

በረሀብ ከተዳከመ ሕፃን ብዙውን የሚጨርሰው ተቅማጥ ነው። ቀደም ብሎ የጠፋውን ፈሳሽ ለመተካት የሚታወቀው መንገድ በመርፌ በደም ሥር መስጠት ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ጊዜ ወደ ሕንድ በተሰደዱት ላይ ኮሌራ ሲገባ ግን የመርፌው ፈሳሽ አለቀ። ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ የሚባለው ሐኪም ስኳርና ጨው በውሃ አስበጥብጦ፣ በበርሜል አስሞልቶ፣ የታማሚዎቹ ቤተሰቦች ራሳቸው በኩባያ እንዲያጠጡ አደረገ። ከመቶ በሽተኛ ሠላሳ ያህሉን ይገድል የነበረው በሽታ ወደ አራት ገደማ ወረደ። ምክንያቱም ስኳር በአንጀት ግድግዳ ሲያልፍ ጨውን ይዞ ያልፋል፤ ጨው ደግሞ ውሃን ይስባል። ዛሬ ኦ.አር.ኤስ. ብለን ከፋርማሲ የምንገዛው ይኸው ነው።

ፓኬቱ ከጠፋ ደግሞ በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው አፉ ተስተካክሎ፣ መበጥበጥ ይቻላል። ጨው ማብዛት ሕፃኑን ይጎዳል፤ ስለዚህ «በግምት ነው» ብሎ መጨመር ክልክል ነው። በትንሽ በትንሹ ደጋግሞ ማጠጣት፤ የሚጠባውንም ጡት አለማቋረጥ። እንግዲህ እነዚያን ስደተኞች ያዳነው ማን ነው? ሐኪሙ መንገዱን አሳየ፤ ኩባያውን የያዙት ግን እናቶችና እህቶች ናቸው።

አይደርና ከዚያ ወዲህ

ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. የኤርትራ የጦር አውሮፕላኖች መቀሌ ላይ የአይደርን ትምህርት ቤትና ሰፈሩን ደበደቡ። ጉዳዩን የመረመረው የይገባኛል ጥያቄ ኮሚሽን በ1996 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ ኤርትራን ተጠያቂ አድርጓል። የሞቱት ሰላማዊ ሰዎች 53፣ የቆሰሉት 185 ሲሆኑ ከነዚህ መካከል ተማሪዎች ይገኙባቸዋል። ሕፃናቱን ለማንሣት የሮጠው ወላጅና ጎረቤት ነው፤ የወደቀውን ለማንሣት በተሰበሰበው ሰው ላይም ሁለተኛው ድብደባ ወርዶበታል። ዛሬ በዚያ ሰፈር ስም የሚጠራው ትልቁ የአይደር ሆስፒታል ያኔ ሥራ አልጀመረም ነበር።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ደግሞ ሆስፒታሉ እያለ መድኃኒቱ ጠፋ። ሐኪሞቹ ያለ ደመወዝ፣ ጓንት እንኳ እያጠቡ ደግመው እየተጠቀሙ ሠርተዋል። ሰኔ 15 ቀን 2013 ዓ.ም. የቶጎጋ ገበያ በአየር ሲመታ ከመቀሌ የተነሡት አምቡላንሶች በመንገድ እንደ ታገዱ ሐኪሞች በወቅቱ ተናግረዋል። ሌላውን ለታሪክ ጸሐፊዎች እንተወው። ለኛ የሚቀረን ትምህርት ግን ግልጽ ነው። አምቡላንስ ሊዘገይ ይችላል፤ መንገድ ሊዘጋ ይችላል፤ መድኃኒት ሊጠፋ ይችላል። የጎረቤት እጅ ግን እዚያው ነው። ጥያቄው ያ እጅ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል ወይ ነው።

እጃችን ማወቅ ያለበት

ደም። የሚፈሰውን ቁስል በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ በመዳፍ አጥብቆ መጫን፤ «ቆመ ወይ?» እያሉ ቶሎ ቶሎ አለመግለጥ። ጨርቁ ቢርስ ሌላ መደረብ። አመድ፣ ቡና፣ ቅቤ መጨመር ይቅር። የእጅ ወይም የእግር ደም በመጫን እምቢ ካለና ሰውየው እያለቀ ከሆነ፣ ከቁስሉ አራት ጣት ያህል ከፍ አድርጎ ሰፊ ጨርቅ ማሰር፣ በእንጨት አዙሮ ደሙ እስኪቆም ማጥበቅ፣ የታሰረበትንም ሰዓት መጻፍ ያስፈልጋል። በገመድና በሽቦ ግን አይታሰርም። አንዴ የታሰረውን ሐኪም ሳያይ መፍታትም አይገባም። ይህ ዘዴ ለብዙ ዓመታት ጉዳቱ ይብሳል ተብሎ ተትቶ ነበር፤ በቅርብ ዘመን ጦርነቶች የብዙ ሰው ሕይወት ማዳኑ ስለ ታየ ተመልሷል።

ስብራት። ወጌሻ ባህላችን ነው፤ ብዙም ጠቅሟል። ነገር ግን በቀርከሃና በጨርቅ ከመጠን በላይ ጠብቆ የታሰረ ክንድ ደም አጥቶ ይሞታል፤ በአገራችን በዚህ ምክንያት እጃቸውና እግራቸው የተቆረጠ ሕፃናት ጥቂት አይደሉም። የተሰበረውን እንዳለ በእንጨት ደግፎ ለቀቅ አድርጎ ማሰር ነው። ጣቱ ከጠቆረ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ከደነዘዘ ወዲያው ይፈታ፤ ሐኪም ቤትም ይሂድ።

ቃጠሎ። ሃያ ደቂቃ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ፤ ሌላ ምንም። ቅቤ፣ ማርና የጥርስ ሳሙና ይቅርባችሁ። ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡ።

የሚጥል በሽታ። ክብሪት ለኩሶ ማሽተት በየሰፈሩ የተለመደ ነው፤ ግን ምንም አይረዳም። አፍ ውስጥም ማንኪያ መክተት ጥርስ ይሰብራል። አጠገቡ ያለውን ድንጋይና እሳት ማራቅ፣ ራሱን በልብስ መደገፍ፣ ሲረጋጋ በጎኑ ማስተኛት ነው። አምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም።

ራስን መሳት። ይህ በድንኳናችን ውስጥ የምናየው ነው። ሐዘንተኛ ሳይበላ ውሎ፣ ቆሞ፣ አልቅሶ ይወድቃል፤ እኛም ከበን አየር እንነሣዋለን። በጀርባ ማስተኛት፣ እግሩን ከፍ ማድረግ፣ አንገቱ ዙሪያ ማላላት፤ ሲነቃ ቀስ ብሎ ማስቀመጥ። ያልነቃ ሰው አፍ ውስጥ ግን ውሃ አይፈስም፤ ወደ ሳንባው ይገባልና።

ትንፋሽ የሌለው። ተጠርቶ የማይሰማ፣ የማይተነፍስ ወይም አልፎ አልፎ ብቻ የሚያቃስት ሰው ልቡ ቆሞ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪሞች ደረት ሳይቀደድ በእጅ በመጫን ደም ማዘዋወር እንደሚቻል አሳዩ። የሁለት እጅ መዳፍ ደራርቦ የደረት አጥንት መካከል ላይ አድርጎ፣ ክንድን ሳያጥፉ፣ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲወርድ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን ነው፤ ትንፋሽ መስጠት የሠለጠነ ሰው ከየ30ው በኋላ ሁለት ይስጥ። ሲደክማችሁ ተቀያየሩ፤ እርዳታ እስኪደርስ አታቁሙ። ይህ በንባብ ብቻ አይለመድም፤ በአሻንጉሊት ላይ መለማመድ ይፈልጋል።

ለጠቅላላ ጉባኤያችን

እድር በከተሞቻችን እየሰፋ የሄደው በተለይ ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነው። ካገሩ ርቆ ከተማ የገባ ሰው፣ ዘመድ በሌለበት «ስሞት ማን ይቀብረኛል?» ብሎ ከጎረቤቱ ጋር ተማምሎ አቋቋመው። በገጠር ደግሞ በሽተኛን በቃሬዛ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ ማድረስ እስከ ዛሬ የጎረቤት ግዴታ ነው። ሁለቱ ልማዶች ወንድማማቾች ናቸው። ከተማ ስንገባ ቀብሩን ይዘን ቃሬዛውን ረሳነው።

ሐሳቤ ከባድ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። አንደኛ፣ ከየመንደሩ ሁለት ሁለት ሰው፣ ወጣቶችና እናቶች፣ ተመርጠው በቀይ መስቀል ወይም በጤና ባለሙያ ይሠልጥኑ። ሁለተኛ፣ ከድንኳኑ ጋር አንድ ቃሬዛና አንድ ሣጥን ይኑረን፤ በውስጡ ፋሻ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ጓንት፣ መቀስ፣ ሳሙና፣ ኦ.አር.ኤስ.ና የእጅ ባትሪ ይግባ። የሚጠብቀውም ሰው በስም ይመደብ፤ የሁሉም የሆነ ነገር የማንም አይደለምና። ሦስተኛ፣ የአምቡላንስ፣ የሆስፒታልና መኪና ያላቸው አባላት ስልክ ቁጥር በየቤቱ በር ጀርባ ይለጠፍ። አራተኛ፣ ደም ለመለገስ ፈቃደኛ የሆኑ አባላት ዝርዝር ይያዝ።

«ታዲያ ይህ የጤና ጥበቃ ሥራ እንጂ የእድር ነወይ?» የሚል አይጠፋም። እኔ የምለው ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ደሙ በጊዜ የታሰረለት አባል ድንኳን አያስፈልገውም፤ ልጆቹም የእድር ገንዘብ ተቀባዮች አይሆኑም፤ እሱም በሚቀጥለው ወር መዋጮውን ይዞ ይመጣል። እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ በጥም የተቃጠለውም፣ አምባ አራዳም ላይ ዓይኑ የጠፋውም፣ አይደር ላይ ልጁን ታቅፎ የሮጠውም ጎረቤት ይፈልግ የነበረው፣ የሚያውቅ እጅ ነው።

በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ሐሳቡ ለውይይት እንዲቀርብ በአክብሮት አሳስባለሁ። ጥሩምባችን የሚነፋበት ቀን ይራቅልን። በቸር ያገናኘን።